ካንሰር በጭንቀት ይመጣል? በምግብስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ካንሰር እንዳለበት ሲነገረው መጀመሪያ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። ምን በልቼ ይሆን? የትኛው ብስጭት ይሆን እዚህ ያደረሰኝ? ቤተሰቡም አይተወውም። «ያኔ እኮ ነግረንህ ነበር፣ ነገር በሆድህ አትያዝ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ደግሞ ስኳር የሚባል ነገር ከቤት እንዲወጣ ያዝዛል።

እዚህ የሰበሰብኳቸው ደጋግመው የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ነው። ሐሳቤን አልደብቅም፦ ጭንቀት ከሚገባው በላይ ይወቀሳል። ምግብም ይወቀሳል፣ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ያልሆነው ምግብ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጭንቀት ካንሰር ያመጣል ወይ?

ያመጣል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ እስካሁን አልተገኘም። ሳይፈለግ ቀርቶም አይደለም። በ2013 የታተመ አንድ ሥራ 12 የአውሮፓ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ ከ116 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን መረጃ ተመለከተ። ክትትሉ 12 ዓመት ገደማ የፈጀ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 5,765 ሰዎች ካንሰር ያዛቸው። ሥራቸው ወጥሮ የሚይዛቸውና ዘና ብለው የሚሠሩት ሲነጻጸሩ ግን በትልቁ አንጀት፣ በሳንባ፣ በጡትም ሆነ በፕሮስቴት ካንሰር የረባ ልዩነት አልታየም። በ2016 ደግሞ በብሪታንያ ወደ 106 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ስለ ጡት ካንሰር ይህንኑ ጠይቆ ተመሳሳይ መልስ አገኘ።

«የሥራ ጭንቀትማ ምን ጭንቀት ነው?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከዚህ የከበደውን መረጡ፤ ልጃቸው ካንሰር የያዘባቸውን ከ11 ሺህ በላይ ወላጆች። ከዚህ የባሰ ጭንቀት ማሰብ ይከብደኛል። በ1997 የወጣው ውጤት ግን እነዚህ ወላጆች ከሌላው ሰው በበለጠ በካንሰር እንዳልተያዙ ነው የሚያሳየው።

ታዲያ የማውቃት ሴት ባሏ በሞተ በዓመቱ ለምን ታመመች?

ከሁሉም በላይ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ የጊዜው ነገር አለ። ካንሰር ባንድ ሌሊት አይበቅልም። በአንድ ሕዋስ ዲኤንኤ ላይ ስህተት ይፈጠራል። ሕዋሱ ይባዛል። ሌላ ስህተት ይጨመራል። እንዲህ እያለ ዓመታት፣ አንዳንዴም አስርተ ዓመታት ይፈጃል። አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያህል ዕጢ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሕዋሶች አሉ። አምና የደረሰ ሐዘን ዘንድሮ ለተገኘ ዕጢ መነሻ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ከሐዘኑ በፊት እዚያው ነበር።

ከዚያ የማስታወስ ነገር አለ። የታመመ ሰው ምክንያት ፍለጋ ያለፈ ሕይወቱን ይበረብራል። በማንም ሰው የአምስት ዓመት ታሪክ ውስጥ ደግሞ አንድ ሞት ወይ አንድ ፍቺ ወይ አንድ ኪሳራ አይጠፋም። ያልታመመው ጎረቤትም ያው ሐዘን ደርሶበት ይሆናል። እሱን ግን ሄዶ የጠየቀው የለም።

ነገሩ የሚገለበጥበት ጊዜም አለ። ገና ያልታወቀ ካንሰር ራሱ ያደክማል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያስብሳል። ሰውየው «ስጨነቅ ከርሜ ታመምኩ» ይላል። ምናልባት ታሞ ነው የተጨነቀው።

እና እንደፈለግሁ ልጨነቅ?

እንዲያ እንኳ አላልኩም። ጭንቀት በፊት ለፊት ባይገባ በጓሮ ይገባል። የተጨነቀ ሰው ሲጋራ ያበዛል፣ መጠጥ ይደጋግማል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ከወንበሩ አይነሳም። ጡቷ ላይ እብጠት የዳሰሰች ሴት «አሁን ለዚህ ጊዜ የለኝም» ብላ ምርመራውን ለከርሞ ታሳድረዋለች።

እዚያው ዴንማርክ በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ልጃቸውን በሞት ያጡ 21 ሺህ ያህል ወላጆች ነበሩበት። በእናቶቹ ላይ መጠነኛ የካንሰር ጭማሪ ታየ። ጭማሪው ጎልቶ የታየው ግን ከሲጋራ ጋር በሚያያዙት የካንሰር ዓይነቶች ነው። ሐዘኑ ራሱ ነው ወይስ በሐዘኑ ሰበብ የተለኮሰው ሲጋራ? እኔ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ።

የላቦራቶሪውን ወሬ የሰማ ደግሞ ስንጨነቅ ሰውነት ስለሚያመነጫቸው ስለ ኮርቲዞልና አድሬናሊን ይጠይቀኛል። እነዚህ ሆርሞኖች ለረጅም ጊዜ ከፍ ብለው ሲቆዩ የበሽታ መከላከያን እንደሚነኩ ይታወቃል። ዕጢ ባላቸው አይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም ጭንቀት የካንሰሩን መሰራጨት ሲያፋጥን ታይቷል። ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ የሚውል አይጥና የቤት ኪራይ የሚያሳስበው ሰው ግን አንድ አይደሉም። በሰው ላይ ይህ አልተረጋገጠም።

ነገር በሆዱ የሚይዝ ሰው በካንሰር ይያዛል የሚባለውስ?

ወሬው ከእኛ ዘመን በጣም ይቀድማል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪሙ ጋለን ካንሰር ከጥቁር ሐሞት ብዛት ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ትካዜ የሚያበዙ ሴቶች ለጡት ካንሰር ይጋለጣሉም ብሏል። ጥቁር ሐሞት የሚባል ነገር እንደሌለ ከታወቀ ቆይቷል። ሐሳቡ ግን ልብሱን ቀይሮ እስከ ዛሬ አለ። በ2010 በፊንላንድና በስዊድን ወደ 60 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ተጫዋችነትም ሆነ ስጉነት በካንሰር ከመያዝ ጋር ግንኙነት አላሳየም። ዝምተኛውን ተዉት።

ከታመምኩ በኋላስ? መንፈሴን ካጠነከርኩ እድናለሁ?

ይህ መስመር ጥሩ ታሪክ አለው። በ1989 ዴቪድ ስፒግል የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ86 ሴቶች ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ሁሉም የጡት ካንሰራቸው ወደ ሌላ አካል የተሰራጨባቸው ናቸው። ከፊሎቹ በየሳምንቱ በቡድን ተሰብስበው ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ፍርሃታቸው፣ ስለ ሞት ሳይቀር ያወሩ ነበር። እነዚህ ካልተሰበሰቡት በአማካይ 18 ወር ገደማ አብልጠው ኖሩ። ዓለም ጉድ አለ።

በ2001 ግን ካናዳ ውስጥ በ235 ሴቶች ላይ ሲደገም ዕድሜ አልጨመረም። ስፒግልም ራሱ በ125 ሴቶች ላይ ደገመው። በ2007 ያሳተመው ውጤት በጥቅሉ ሲታይ ዕድሜ እንዳልረዘመ ይናገራል። ሰውየውን የማከብረው ለዚህ ነው። የገዛ ስሙን የተከለበትን ግኝት ፈትኖ የመጣውን ሳይደብቅ አወጣው።

ስብሰባው ከንቱ ነበር ማለት ግን አይደለም። በካናዳው ጥናት የተሳተፉት ሴቶች ጭንቀታቸው ቀሏል፣ የሕመም ስሜቱም ያን ያህል አልጠናባቸውም። ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። «ፈገግ በል፣ አለበለዚያ ይብስብሃል» ማለት ግን በታመመ ሰው ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው። ሰው ስላለቀሰ ዕጢው አያድግበትም። ሐዘኑ ከልክ ካለፈ ለሐኪሙ ይናገር፤ እሱም ሕክምና አለው።

ምግብስ? እሱም እንደ ጭንቀት ወሬ ነው?

አይደለም። ምግብ ድርሻ አለው። ድርሻው ስንት ነው ሲባል ግን የሚጠቀሰው ቁጥር ብዙ ጊዜ ግማሹ ተቆርጦ ነው። ሪቻርድ ዶልና ሪቻርድ ፒቶ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1981 በአሜሪካ ከካንሰር ሞት 35 በመቶው ከአመጋገብ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ገመቱ። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ። ሰዎቹ አብረው የጻፉት ግን ግምቱ ከ10 እስከ 70 በመቶ ሊዋዥቅ እንደሚችል ነበር። ያ ቀረ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ካንሰር መከላከል ይቻላል ሲል ሲጋራን፣ መጠጥን፣ ክብደትን፣ እንቅስቃሴን፣ ተላላፊ በሽታዎችንና ምግብን አንድ ላይ ደምሮ ነው። ዋናው ባለዕዳ አሁንም ሲጋራ ነው።

ደግሞም ምግብ የሚሠራው በአንድ ማዕድ ሳይሆን በዓመታት ልማድ ነው። ትናንት የበላችሁት ምንም አላደረገም።

ቋሊማና የታሸገ ሥጋ እንደ ሲጋራ ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 ቋሊማን፣ ሳላሚንና በጨው፣ በጭስ ወይም በኬሚካል የቆየ ሥጋን «ለሰው ካንሰር አምጪ» በሚለው አንደኛ ምድብ አስገባ። ሲጋራም እዚያው ምድብ ውስጥ አለ። ጋዜጦቹ ይህን ይዘው ሮጡ።

ምድቡ የሚለካው ግን ጉዳቱ የቱን ያህል እንደሆነ ሳይሆን ማስረጃው የቱን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ነው። የኤጀንሲው ግምት እንዲህ ነው፦ በየቀኑ 50 ግራም እንዲህ ያለ ሥጋ የሚበላ ሰው በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በ18 በመቶ ይጨምራል። በቁጥር እንየው። እንበልና ከ100 ሰው 5ቱ በዕድሜ ዘመናቸው ይህ ካንሰር ይይዛቸዋል። 18 በመቶ ሲጨመርበት ወደ 6 ይጠጋል። 23 አይሆንም! ይህን ስሌት ያልገባው ሰው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እኔንም አሳስቶኝ ነበር። ሲጋራ በሳንባ ካንሰር የመያዝን ዕድል የሚያሳድገው በመቶኛ ሳይሆን በብዙ እጥፍ ነው።

ቀይ ሥጋ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ «ሊያመጣ ሳይችል አይቀርም» በሚለው ምድብ ነው። አልፎ አልፎ መብላቱ የሚያስፈራ አይደለም።

ስኳር ካንሰርን ይመግባል?

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሐሰት በላይ ያስቸግራል። ኦቶ ዋርበርግ የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት በ1920ዎቹ የካንሰር ሕዋሶች ግሉኮስን፣ ማለትም በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ስኳር፣ ከሌሎቹ በላቀ ፍጥነት እንደሚጠቀሙ አየ። ፔት ስካን የሚባለው ምርመራም በዚሁ ላይ ነው የቆመው። ጨረር የሚያወጣ ስኳር መሰል ነገር በደም ሥር ይሰጥና የት የት እንደተከማቸ ይታያል።

ችግሩ ግሉኮስ የሚጠቀመው ካንሰሩ ብቻ አለመሆኑ ነው። አንጎልም፣ ቀይ የደም ሕዋስም ይፈልገዋል። ስኳር ብታቆሙ ጉበት ከሌላ ምግብ፣ ካስፈለገም ከራሱ ከጡንቻ ሠርቶ ደም ውስጥ ይጨምራል። ካንሰሩን ለይቶ ማስራብ አይቻልም። ጣፋጭ ማብዛት የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው፤ ያወፍራል።

ውፍረትና ካንሰር ደግሞ ምን አገናኛቸው?

ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጓዝ አይደለም፤ ይሠራል። ኤስትሮጅን ያመርታል፣ ኢንሱሊንን ከፍ ያደርጋል፣ ለዓመታት የሚዘልቅ ቀስ ያለ ብግነት ያስነሳል። እነዚህ ሦስቱ ሕዋስ እንዲባዛ የሚገፋፉ ናቸው። በ2016 ያው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከልክ ያለፈ ክብደትን ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር አያይዞታል። ከማረጥ በኋላ የሚመጣ የጡት ካንሰር፣ የማህፀን ግድግዳ፣ የትልቁ አንጀት፣ የኩላሊት፣ የቆሽትና የጉበት ካንሰር ከነዚህ ውስጥ ናቸው።

ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ፦ መጠጥስ?

ይህን ራሴ ነኝ የጨመርኩት። ስለ ስኳር አሥር ሰው ይጠይቀኛል፣ ስለ አልኮል አንድም። አልኮል አንደኛ ምድብ የገባው በ1988 ነው፤ ከቋሊማ 27 ዓመት ቀድሞ። ሰውነት ውስጥ ሲገባ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል ነገር ይቀየራል። እሱም ዲኤንኤን ያበላሻል። ከአፍ፣ ከጉሮሮ፣ ከማንቁርት፣ ከምግብ ቧንቧ፣ ከጉበት፣ ከትልቁ አንጀትና ከጡት ካንሰር ጋር ግንኙነት አለው። ቢራ፣ ወይን፣ አረቄ ብሎ መምረጥ አያዋጣም፤ ሥራውን የሚሠራው አልኮሉ ነው። በ2023 መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ከጉዳት ነጻ የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ከሲጋራ ጋር ሲደመር ደግሞ የአፍና የጉሮሮው አደጋ ከሁለቱ ድምር ይበልጣል።

የሻገተ እህልስ?

ይህን በቁም ነገር ያዙት። በቆሎና ለውዝ እርጥበት ባለበት ሲቀመጥ የሚያድግ ሻጋታ አለ። አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ የተለየው በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች በድንገት ካለቁ በኋላ ነው፤ ሰበቡ የተመረዘ የለውዝ መኖ ሆኖ ተገኘ። አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያመጣል። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ ሲሆን አደጋው በብዙ ይባዛል። መቀቀል አያጠፋውም። የሻገተውን ለቅሞ ቀሪውን መብላትም አያስተማምን፤ መርዙ በዓይን አይታይምና።

ቡናና ትኩስ ነገር?

ቡና በ1991 በፊኛ ካንሰር ተጠርጥሮ ነበር። በ2016 ማስረጃው ሲታይ ክሱ ተነሳለት። አሁን የሚጠረጠረው ሙቀቱ ነው፤ ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚፋጅ ማንኛውም መጠጥ የምግብ ቧንቧን ደጋግሞ ያቃጥላል። በረድ አድርጎ መጠጣት ነው።

ቪታሚን ብወስድ ይከላከልልኛል?

ሊጎዳችሁም ይችላል። ካሮትና ቅጠላ ቅጠል የሚበሉ ሰዎች የሳንባ ካንሰር እንደሚያንስባቸው ሲታይ፣ ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት ሙከራ ለከፊሎቹ ካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን በክኒን ተሰጠ። ውጤቱ በ1994 ወጣ፤ ክኒኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨመረ። አሜሪካ ውስጥ ይካሄድ የነበረ ተመሳሳይ ሙከራም ጭማሪው 28 በመቶ ሲደርስ በ1996 መጀመሪያ ላይ ተቋረጠ። ካሮቱ ያው ካሮት ነው። ክኒኑ ግን ካሮት አይደለም።

ሎሚ ወይም «አልካላይን» ምግብ ደሜን ቀይሮ ካንሰርን ያጠፋል?

አያጠፋም። የደም ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ልኬት፣ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ነው የሚቆየው። ሳንባና ኩላሊት ይጠብቁታል። ምግብ የሚቀይረው የሽንትን ነው።

በሕክምና ላይ ነኝ፤ ምግብ ብቀንስ ካንሰሩ ይራባል?

ቀድሞ የምትራቡት እናንተ ናችሁ። ካንሰርና ሕክምናው ጡንቻን ይበላሉ። የከሳ ሰው ኬሞውን መቋቋም ያቅተዋል፤ መጠኑ ይቀነስበታል ወይም ይቋረጥበታል። በዚህ ጊዜ ፕሮቲንና ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ያስፈልጋል። ቅጠልና ሥር እየቀመማችሁ የምትወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚጋጭ አለ።

እሺ፣ ምን ልብላ?

አሰልቺው መልስ ነው ትክክለኛው። ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይብዛ። የእህሉ አሰር በተለይ ለትልቁ አንጀት ይጠቅማል። የታሸገ ሥጋ፣ ጨው የበዛበት ምግብና ጣፋጭ መጠጥ ይቀነስ። «ካንሰርን የሚያጠፉ 7 ምግቦች» የሚል ነገር ስታዩ እለፉት።

ሳያጨስ፣ ሳይጠጣ፣ በልኩ እየበላ የሚያዝ ሰው አለ። ለምን?

ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ዲኤንኤውን ይገለብጣል። ሲገለብጥ ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት ይታረማል፣ ጥቂቱ ያመልጣል። ዕድሜ ሲገፋ ያመለጠው ይጠራቀማል። የሚወረስ ዘረመልም አለ። የማህፀን በር ካንሰር እንደሚያመጣው ኤችፒቪና እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉ ቫይረሶችም አሉ፤ ሁለቱም ክትባት አላቸው። ሁሉን በጥንቃቄ ያደረገ ሰው ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ ዋስትና አይሰጠውም።

ዘመዴ ካንሰር ይዞታል። ምን ልበለው?

«ምን ሆነህ ነው?» አትበሉት። ምክንያቱን ብታገኙት እንኳ ሕክምናውን አይለውጠውም። ይልቅ በሚቀጥለው ቀጠሮ ማን አብሮት እንደሚሄድ ጠይቁት፤ ሐኪሙ የሚለውን የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል። ምግብ ልትወስዱለት ካሰባችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ደውሉ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው የወጥ ሽታ ሊያስጠላው ይችላል። ትናንት የወደደውንም ዛሬ ላይፈልገው ይችላል።